ጋቢና ውስጥ የቀረ ታሪክ

ኮልፌ ያደገ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ የመኪና ድምፅ መለየት ይችላል። አይፈረድበትም። ከመርካቶ የጫነ ከባድ መኪና ወደ ምዕራብ ሲወጣ የሚያልፈው በእኛ ሰፈር ነው። አንዱ በአሥራ ስምንት ማዞሪያና በአስኮ አድርጎ የአምቦን መንገድ ይይዛል፤ ሌላው በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ ይወርዳል። እኛም አጥር ሥር ተቀምጠን «ይቺ ኢሱዙ ናት»፣ «ይቺ ኤንትሬ ናት» እያልን እንወራረድ ነበር። ብዙ ጊዜ ኤንትሬዋን ማንም አይስታትም። ከሩቅ ታጉረመርማለች፣ ዳገት ላይ ትቃትታለች፣ ሰፈሩንም በጭስ ታጥናለች።

አንዷ ኤንትሬ የጎረቤታችን የጋሼ ነበረች። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ ይበቃናል። የእርሳቸው ባትሆንም ሃያ ምናምን ዓመት ስለነዷት ሰፈሩ ሁሉ «የጋሼ መኪና» ይላት ነበር። ጋሼ «ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት እንነሣለን» ካሉ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ዙሪያ ያለው ግርግር ከድግስ ቤት አይተናነስም። ረዳታቸው ከመኪናዋ ሥር ተኝቷል። ጋሼ ደግሞ ቆመው ይጠይቃሉ፦

«ኩሽኔታውን ግሪስ ሰጠኸው? ፊልትሮውንስ አጠብክ? የባሌስትራው ብሎን ጠብቋል? ስኮርታ ጎማው ተነፍቷል? ክሪኩ የታለ? ታኮውስ?»

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ይህ ሁሉ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ። እስቲ ዝርዝሩን መለስ ብላችሁ እዩት። ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ባሌስትራ፣ ብሎን፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ታኮ፤ አንዱም ከግዕዝ አልመጣም። መኪናው ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚገባው ታኮ፣ ሴት እህቶቻችን ከሚያደርጉት የታኮ ጫማ ጋር አንድ ቃል ነው። በጣሊያንኛ ተረከዝ ማለት ነው። ሹፌሩ የሚቀመጥበት ጋቢና፣ የምንቀይረው ማርሽ፣ የምንረግጠው ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታው የሚለጥፈው ካላማደሪያ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር ከዚያው ነው የመጣው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሊገዛን መጥቶ ያልገዛን ሕዝብ ቋንቋ እንዴት ጋራዣችንን ገዛ?

መኪና ራሱ ከጣሊያን ወረራ በፊት የመጣ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ በሌለበት አገር ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ያ ግን ለቤተ መንግሥት የመጣ ብርቅ ነገር ነበር። አገሬው ከናፍጣ መኪና ጋር በብዛት የተገናኘው በክፉ ቀን ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ሰልፉ ቆሞ መንገድ ሲጠግን ሰነበተ። አዲስ አበባ የደረሰው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጣርማ በርን ያዝ አድርጉልኝ፣ እንመለስበታለን።

በአምስቱ ዓመት ጣሊያን ያለ የሌለ ገንዘቡን መንገድ ላይ አፈሰሰ። ያን ያደረገው ለእኛ አዝኖ አልነበረም፤ ጦሩን፣ ስንቁንና ሰፋሪውን ለማመላለስ ነው። ከአሰብ ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው የጣርማ በር ዋሻ፣ ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው የሚወጡት መንገዶች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። መርካቶንም «የአገሬው ገበያ» ብሎ ከአራዳ አውጥቶ አሁን ያለበት ቦታ የተከለው እርሱ ነው። ኮልፌም ከገበያው ጀርባ ቀርታ የጭነት በር ሆነች። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሮጡት የናፍጣ መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነበር። የአገራችን ሰው የቁጥሩን ጅራት ብቻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸነፈ። ባንዲራው ወረደ፤ መኪኖቹ ግን ቀሩ፣ ቁልፉና ክሪኩም ቀረ። ከጣሊያኖቹም የተወሰኑት ጋራዥና ቶርኖ ቤት ከፍተው እዚሁ ኖሩ። ከእነርሱ ሥር የገባው የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ መካኒክነት አልተማረም። ብሎን እያጠበ፣ ጥፊም እየቀመሰ፣ በጆሮው ነው የተማረው። የዕቃውን ስም የጻፈለት ሰው ስላልነበረ የሰማውን በራሱ አንደበት አስተካከለው። «የአየር ክፍል» የሚል ትርጉም ያለው የጣሊያን ሐረግ በእኛ አፍ ካላማደሪያ ሆነ። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። ቃሉን የወሰደው ዕቃውን ፈቶ መግጠም የቻለ ሰው ነው። ዕቃውን ከተቆጣጠረ በኋላ የስሙ አገር ብዙም አላስጨነቀውም።

አሁን ወደ ጣርማ በር እንመለስ። የከባድ መኪና ጥገና በእኛ አገር ለምን እንደ ሃይማኖት የጠበቀ ሥርዓት ሆነ ካላችሁ፣ መልሱ ያለው የአገሪቱ ቁመት ላይ ነው።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ አይፈልግም። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። ስለዚህ ዋናው ምግቡ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ጉልበት ያጥረዋል። ናፍጣ የምትረጨው ፖምፓ ካልተስተካከለች ደግሞ ያልነደደው ሁሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ውኃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ራዲያተሩ ቶሎ ይንተከተካል። ያው መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የአፋር በረሃ ይጠብቀዋል። በአንድ ጉዞ ብርድ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ አቧራና እሳት።

የጋሼ የዋዜማ ጥያቄዎች የመጡት ከዚህ ነው። ፊልትሮ የሚታጠበው የፒስታ አቧራ ሞተር ውስጥ ከገባ ፒስተንና ሸሚዙን እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚበላ ነው። የናፍጣው ፊልትሮ ውኃ የሚራገፈው ጠብታ ውኃ ፖምፓዋን ስለሚያበላሽ ነው። የባሌስትራ ብሎን የሚጠብቀው ከላላ አክሰሉ ከቦታው ስለሚሸሽ ነው። ፍሬን ሸራ ደግሞ ቁልቁለት ላይ በእግር ብቻ ከተያዘ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይተዋል። የድሮ ሹፌሮች ሕግ አጭር ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሕጉን ያልጠበቁ ጓደኞቻቸውን የቀበሩ ሰው ናቸውና።

ኤንትሬ ራሷ የመጣችው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ተቋቁሞ የጣሊያንን መንገዶች መጠገንና ማስፋት ጀመረ። ፊያት 682 የተባለውን የጭነት መኪና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን «ኤን 3» የተባለው ዓይነት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ኤንትሬ ማለት ይኸው ነው፤ ፊደሉ ኤን፣ ቁጥሩ በጣሊያንኛ ትሬ። ተሳቢዋን አስከትላ የአሰብን መንገድ የራሷ አደረገችው። በንጉሡ ጊዜ ሸቀጥ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. የረሃብ ወቅት ስንዴ ከወደብ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ አገሪቱ የኖረችው በከባድ መኪና ጎማ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አምቼ ተቋቋመ፤ ፊያትን፣ ኋላም ኢቬኮን የሚገጣጥም ፋብሪካ። ይህ ስም አስገራሚ ዕጣ ገጠመው። አስመራ ያሉ ሰዎች ኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገውን ኤርትራዊ «አምቼ» ማለት ጀመሩ። ዕቃው ከውጭ፣ የተገጣጠመው ግን አዲስ አበባ ነው እንደማለት። ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልዱ መራር ሆነ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፣ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ ተፈናቀሉ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጋሼም የለመደ እጃቸውን ከልክለው በጋላፊ በኩል ጅቡቲ መግባት ጀመሩ። የቀድሞ ረዳታቸው ከተባረሩት አንዱ ነበር። ስሙን ሲያነሡ «ባሌስትራ እንደ እርሱ የሚያውቅ የለም» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ሲከፈት ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ወታደሮቹ ሲተቃቀፉ አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ወደ አሰብ የሚሄድ መኪና ፈልግልኝ» አሉት።

«አባዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሊነዱ ነው?»

«ማን እነዳለሁ አለህ? ጋቢና ልቀመጥ ነው።»

ልጁ መኪና እያፈላለገ፣ ጋሼም እየጠበቁ ወራት አለፉ። ዓመት ሳይሞላው መንገዱ መልሶ ተዘጋ።

ዛሬ በኮልፌ የሚያልፈው ጭነት በአብዛኛው በቻይና መኪና ላይ ነው። የኢሱዙ ዘመንም «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል አትርፎ አልፏል፤ ስሙን ያገኘው በገደላቸው ሰዎች ብዛት ነው። ቅጽሉ ቢያስቀንም ከኋላው ያለው ነገር አያስቅም፦ የቸኮለ ነጋዴ፣ ያልተኛ ሹፌር፣ ያልታየ ፍሬን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ነገ ተራው የከባድ መኪና ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ናፍጣም ፖምፓም ወደ ሙዚየም ይገባሉ። እኔ ለጭሱ አላዝንም። የሚያሳስበኝ የዋዜማው ጥያቄና መልስ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ከጣርማ በር ሲወርድ ፍሬን አለው፣ ጎማ አለው፣ ብሎን አለው። «አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ማን ይሆናል?

ባለፈው ሳምንት አጣና ተራ አካባቢ አንድ የተበላሸ ሲኖትራክ ዳገት ላይ ቆሞ አየሁ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦ «ታኮ! ታኮ በል!» ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ረዳት ድንጋይ ተሸክሞ ሮጠ። ጋሼን አስታወስኩና መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።