ማሽኑ መስታወት አለው

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ዶሮዋ አቅፋለች ከተባለ ብዙ አትነካካም። 21 ቀን ጠብቆ ጫጩት መቁጠር ነው። ታዲያ «ጫጩቱን ከቅርፊቱ ላውጣው ወይስ ልተወው?» የሚለው ጭንቀት ከየት መጣ? ከማሽኑ።

ያለ እናት ማስፈልፈል ግን አዲስ ነገር አይደለም። ግብፆች ከ2,000 ዓመት በፊትም በምድጃ ሙቀት ያስፈለፍሉ ነበር። ቴርሞሜትር ስላልነበረ ሠራተኛው እንቁላሉን የዐይኑ ቆብ ላይ አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካ ነበር። ወደ እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እነ ኋይት ሌግሆርን ገቡ። እንቁላል በብዛት ይጥላሉ፣ ማቀፍ ግን እምብዛም ነው። እነሱን ለማርባት ማሽን የግድ ሆነ።

37.5 ዲግሪ መጠበቅና እንቁላል ማገላበጥ ለእኔ ቢጤ ኮድ ጸሐፊ ቀላል ነው። ከባዱ መጨረሻው ነው። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ጸጥ ይላል፤ አንዳንዴ 24 ሰዓት ሙሉ። የደከመ ይመስላል እንጂ ሥራ ላይ ነው፦ በሳንባው መተንፈስ ይለምዳል፣ ከስሱ ሽፋን ደሙን ይሰበስባል፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል። ያኔ ቅርፊቱን የላጠ ሰው ደሙን ያፈስሰዋል።

በእርግጥ እርዳታ የሚያስፈልገውም አለ። ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ሲከፈት እርጥበቱ ይወጣና ሽፋኑ ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ማርጠብ፣ በጥቂት በጥቂቱ መላጥ፣ ደም ከታየ ወዲያው ማቆም ነው።

ከዶሮዋ ላባ ሥር ያለውን ስለማናይ አንቸኩልም። ማሽኑ ግን መስታወት አለው፤ እያየን እጃችን ያሳክከናል። ብዙ ጊዜ የሚያድነው ግን ክዳኑን ዘግቶ መጠበቅ ነው።