የአፍንጫ ጎማና የሞተር ኮፈን፦ የአንዲት ክፍተት ታሪክ

በትንሽ አውሮፕላን አፍንጫ ሥር፣ ከፕሮፔለሩ ጀርባ፣ የሰው መዳፍ የምታህል ክፍተት አለች። የፊት ጎማው እግር ከሞተሩ ተሸካሚ ብረት ተነሥቶ ወደ መሬት የሚወርደው በእሷ በኩል ነው። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የጋለው አየርም እዚያው አጠገብ መውጫ ይፈልጋል። አውሮፕላኑን በቤቱ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ክንፉን ጨርሶ፣ ሞተሩን ሰቅሎ፣ «እፎይ» ሊል ሲል የሚጠብቀው ሥራ ይህ ነው፤ ኮፈኑን ከጎማው እግር ጋር ማስማማት። ካውሊንግ የሚባለው ይህ የሞተር ኮፈንና የአፍንጫው ጎማ ለየብቻቸው ያደጉ ናቸው። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ግን የአንድ መሐንዲስ እጅ ጎልቶ ይታያል።

ጎማው መጀመሪያ ፊት ነበር። አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1908 ያበረራት «ጁን በግ» በሦስት ጎማ የቆመች ነበረች፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ሞተሯ ከአብራሪው ጀርባ ስለነበር ጎማውን የሚጋፋው ነገር አልነበረም። በ1909 ከፈረንሳይ ተነሥቶ የእንግሊዝን የባሕር ሰርጥ ያቋረጠው ሉዊ ብሌሪዮ ግን ሞተሩን ከፊት አድርጎት ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ብዙው ሠሪ የእሱን ፈለግ ተከተለ። ሞተርና ፕሮፔለር አፍንጫውን ሲይዙት፣ ሦስተኛው ጎማ ወደ ጅራት ተሰደደ።

ያን አቋቋም የኢትዮጵያ አንባቢ ከ«ፀሐይ» ያውቀዋል። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1935 መጨረሻ የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዷት በ2024 ወደ አገሯ የተመለሰችው አውሮፕላን፣ ጅራቷን መሬት ላይ ጥላ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ትቆማለች። በዚያ ዘመን የአብዛኛው አውሮፕላን አቋም ይኸው ነበር።

አቋሙ ያምራል፤ መዘዙ ግን ብዙ ነው። አፍንጫው ከፊት ተገትሮ ስለሚጋርደው፣ አብራሪው መሬት ላይ ሲነዳ የፊት ለፊቱን መንገድ በቅጡ አያይም። የባሰው ደግሞ የክብደቱ ነገር ነው። የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ጀርባ ስለሚውል፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ጎን ከዞረ ጅራቱ አፍንጫውን ለመቅደም ይሽቀዳደማል፤ አብራሪው ካልፈጠነ አውሮፕላኑ እንደ እንዝርት ይሾራል። ሦስተኛው ጎማ ፊት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች ቀድሞ ስለሚውል አውሮፕላኑ ራሱን በራሱ ያቀናል።

በ1920ዎቹ ሌላም ራስ ምታት ነበር። በአየር የሚቀዘቅዙት ሞተሮች ሲሊንደሮቻቸውን እንደ ኮከብ ጨረር ዘርግተው ራቁታቸውን ለነፋስ ይሰጡ ነበር። ነፋሱ ያቀዘቅዛቸዋል፤ አውሮፕላኑን ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቢሸፈኑ ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላሉ ተብሎ ይፈራ ነበር። የናሳ ቀዳሚ የነበረው ናካ የተባለው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ቨርጂኒያ ውስጥ ላንግሊ ላይ አፉ 20 ጫማ የሚሰፋ የነፋስ ዋሻ ነበረው፤ ጉዳዩም ለመሐንዲሱ ለፍሬድ ዋይክና ለባልደረቦቹ ተሰጠ። እነሱም ኮፈኑን እየቀደዱ፣ እያጠበቡ፣ እያሰፉ ደጋግመው ሞከሩ። በ1928 ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖም በደንብ የሚያቀዘቅዝ ኮፈን ላይ ደረሱ። ምሥጢሩ አየሩን ማብዛት ሳይሆን መንገድ ማበጀት ነው፤ የገባው አየር የጋለውን ብረት ሳይነካ እንዳያልፍ መምራት፣ መውጫውንም በልክ ማድረግ። ይህ ኮፈን የተገጠመለት አንድ የከርቲስ አውሮፕላን፣ ሞተሩ ሳይቀየር፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ190 ወደ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። በ1929 መጀመሪያ አብራሪው ፍራንክ ሆክስ ይህንኑ ኮፈን በለበሰ የሎክሂድ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ኒውዮርክ ከ18 ሰዓት እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ገባ። ተቋሙም ኮሊየር የተባለውን የአሜሪካ የበረራ ሽልማት በዚያ ዓመት ወሰደ።

ዋይክ ግን ፍጥነት ብቻ አላጠገበውም። ተራ ሰው ሳይፈራ የሚያበርረው አውሮፕላን ያልም ነበር። ከላንግሊ የሥራ ጓደኞቹ ጋር፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ውጪ፣ ደብሊው-1 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ሠርተው በ1934 አበረሯት። ጎማዋን ወደ ፊት መልሰውት ነበር፤ ሞተሯ ግን እንደ «ጁን በግ» ከኋላ ነው። ኮፈንና የፊት ጎማ ገና ፊት ለፊት አልተገናኙም።

የተገናኙት በ1937 በበረረችው «ኤርኩፕ» ላይ ነው። ዋይክ ኤርኮ በተባለው የሜሪላንድ ኩባንያ የነደፋት ይህች ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሞተሯ ከፊት በኮፈን ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ደግሞ የፊት ጎማዋ እግር ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ብቻ ከ4,000 በላይ ተሠሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሴስና የተባለው ፋብሪካ 172 የተባለችውን አውሮፕላን በፊት ጎማ አወጣ። ዋይክ ራሱም ከጆን ቶርፕና ከካርል በርጊ ጋር ሆኖ የፓይፐርን «ቸሮኪ» ነደፈ፤ እሷም በ1960 በረረች። ፋብሪካዎቹ ለክፍተቷ መልስ አገኙላት ማለት ነው። በቤታቸው የሚሠሩት ሰዎች ግን ገና አልደረሱባትም ነበር።

እነሱ በጅራት ጎማ ጸንተው ቆዩ፤ ምክንያታቸውም ቀላልና ርካሽ መሆኑ ነው። በ1929 የሚኒሶታው በርናርድ ፒተንፖል የፎርድ መኪና ሞተር የተሸከመች የእንጨት አውሮፕላን ሠራ። በ1953 ፖል ፖበረዝኒ ሚልዋኪ አጠገብ የቤት ውስጥ አውሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1955 ደግሞ «ቤቢ ኤስ» የተባለችውን ባለጅራት ጎማ አውሮፕላን አሠራር በመጽሔት ለሕዝብ አቀረበ። ኦሽኮሽ ላይ ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ታላቅ ጉባኤ የዚያ ማኅበር ፍሬ ነው። በርት ሩታን በ1975 «ቫሪኢዝ»ን ሲያወጣ ሞተሩን ወደ ኋላ መለሰው፤ የፊት ጎማው በነፃ አፍንጫ ውስጥ ይታጠፋል። እንደ ከርቲስ ሁለቱን በማራራቅ ጸቡን አስቀረው።

ሁለቱን አንድ ቦታ ማኖር በቤት ሠሪው ዘንድ የተለመደው በኦሬጎኑ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን ንድፎች ነው። ከ1971ዷ አር.ቪ.-3 የተነሡት አውሮፕላኖቹ ዛሬ ከ10,000 በላይ በርረዋል። አር.ቪ.-6 በጅራት ጎማ መጣች፤ አር.ቪ.-6ኤ ደግሞ ያችው አውሮፕላን በፊት ጎማ። የፊት እግሯ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ከሞተሩ ተሸካሚ ተነሥቶ በኮፈኑ ሥር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይወጣል። ስታርፍ ይለመጣል፤ የተሠራውም እንዲለመጥ ነው።

ጋራዡ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኮፈኑ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ የላይና የታች ግማሽ ያለው፣ ጠርዙ ሆን ተብሎ ተርፎ የተተወ ነው። ሠሪው መጀመሪያ የላዩን ያስቀምጣል። በኮፈኑ አፍና በፕሮፔለሩ ቆብ መካከል የጣት ውፍረት የማይሞላ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ሞተሩ የተሰቀለው በላስቲክ ትራስ ላይ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ቆቡን ከኮፈኑ በጥቂት ከፍ አድርጎ ይጀምራል። ያኔ የተጣመመው ቆይቶ ይቀናል።

የታችኛው ግማሽ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ እግሩ መንገድ ላይ ነው። ሠሪው ካርቶን አንጥፎ ከአፍንጫው ሥር በጀርባው ይተኛል። ፕላስተር ይለጥፋል፣ በእርሳስ ያሰምራል፣ ያወርዳል፣ ይሞርዳል፣ እንደገና ያነሣል። ከእግሩ ቀዳዳ እስከ ኋላ ጠርዝ ድረስ ኮፈኑን ሰንጥቆ እግሩን በስንጥቁ ያሳልፍና፣ ከኋላው በትንሽ ክዳን በብሎን ይዘጋዋል። ባለሦስት ምላጭ ፕሮፔለር ከተገጠመ አንዱ ምላጭ ሁልጊዜ ስለሚጋረጥ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ሥራው አይገፋም። ስንጥቁ ከጠበበ እግሩ ሲለመጥ ፋይበሩን ይፈጫል፤ ከሰፋ ዋይክ የለካው የአየር መውጫ ልክ ይበላሻል። የጭስ ማውጫው ቱቦም እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ሙቀቱ ኮፈኑን እንዳያበስለው ርቀት ይሻል። ሦስቱ የሚሻሙት ያችኑ መዳፍ የምታህል ቦታ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች በኋላ ሠሪው ኮፈኑን አውርዶ ገልብጦ፣ መብራት አብርቶ የስንጥቁን ጠርዝ በጣቱ ይዳስሳል። የሚፈልገው እግሩ ሲለመጥ የነካበት የተፋቀ ነጭ መስመር አለ ወይ የሚለውን ነው። ካገኘ ሞረዱን ያነሣል።