ገመድ አልባ ቀላል የጌም ማውስ

ገመድ አልባ ቀላል የጌም ማውስ ለኮምፒውተር ጨዋታ ታስቦ የተሠራ፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ግራም የማይበልጥና ከኮምፒውተሩ ጋር በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኝ ማውስ ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያውን ማውስ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንገልባርት ሲሆን በ1968 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳይቶታል። ገመድ አልባው ዓይነት ይዘገያል፣ በባትሪውም ይከብዳል እየተባለ ለረጅም ጊዜ በተጫዋቾች ዘንድ አልተወደደም ነበር። ሎጂቴክ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂ ፕሮ ዋየርለስ 80 ግራም ይመዝናል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የተከተለው ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይት ከ63 ግራም በታች ነው።

ግምገማ

ክብደት በሚዛን ይታወቃል፤ የሚከብደው የቀረውን መመዘን ነው። አንዳንድ አምራቾች ክብደት ለመቀነስ ሽፋኑን እንደ ማር እንጀራ ይበሱታል፤ በቀዳዳዎቹ ግን አቧራ ይገባል። ቅርጹ ከእጅ መጠን ጋር ካልተስማማ ቅለቱ ብቻውን አይጠቅምም። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዲፒአይ (በአንድ ኢንች እንቅስቃሴ የሚቆጠሩ ነጥቦች) ብዙም አያሳስብም። 25,000 ዲፒአይ ለማስታወቂያ እንጂ ለጨዋታ አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ የተኩስ ጨዋታ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 1,600 ያለውን ነው።

ማውሱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ መረጃ ሲልክ በሁለት መልእክቶች መካከል 1 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ 8,000 ጊዜ ሲልክ 0.125 ሚሊሰከንድ። ፍጥነቱ ሲጨምር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በብሉቱዝ ከመገናኘት ይልቅ አብሮ የሚመጣውን የዩኤስቢ መቀበያ መጠቀም መዘግየትን ይቀንሳል፤ መቀበያው ለማውሱ ቀርቦ፣ ከዩኤስቢ 3.0 መሣሪያዎች ርቆ ቢሰካ ይመረጣል፤ እነዚህ መሣሪያዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ረብሻ ይፈጥራሉና።

ያገለገለ ማውስ ሲገዛ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። የቁልፉ ስዊች ሲያረጅ አንዱ ጠቅታ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስዊቹ ሊተካ ይችላል፤ ሥራው ግን ብየዳ ይጠይቃል።

ኔትወርክና ማውስ፦ የወለጋ ሁኔታ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪ.ሜ. ገደማ በምትገኘው ነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው ዋናው መዘግየት ከማውሱ ውጭ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪ.ሜ. ያህል ስለሚጓዝ፣ 5,000 ኪ.ሜ. ከራቀ ሰርቨር ጋር የሚደረግ ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ1,000ና በ8,000 መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግንኙነቱ ጭራሽ ሲጠፋማ ማውስ ማማረጥ ትርጉም የለውም፤ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ አካባቢዎች ኢንተርኔት በመንግሥት ተቋርጦ ነበር።

በአንድ ክፍል ውስጥ በገመድ በተያያዙ ኮምፒውተሮች ሲጫወቱ ነገሩ ይለወጣል። የኔትወርኩ መዘግየት ከ1 ሚሊሰከንድ ሊያንስ ስለሚችል የማውሱ ጥራት እዚህ ላይ ይቆጠራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ በአንድ ቻርጅ ለበርካታ ቀናት የሚያገለግል፣ ባትሪው ሲያልቅም በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ መሥራት የሚቀጥል ማውስ ይመረጣል።