ድልድይ ጥርስ፦ ከሲዶና እስከ ጌዴኦ

የጎደለን ጥርስ በግራና በቀኙ ባሉ ጥርሶች ላይ አሳርፎ የመተካት ጥበብ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በፊንቄያውያን ከተማ በሲዶና ከመቃብር የወጣ የላይኛው መንጋጋ ክፍል በወርቅ ሽቦ የተሳሰሩ የፊት ጥርሶች ነበሩት፤ ከእነዚህም ሁለቱ የሌላ ሰው ነበሩ። ኤትሩስካውያንም በወርቅ ቀለበት ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል።

ዘመናዊው ብሪጅ የተስፋፋው ዊልያም ታጋርት እ.ኤ.አ. በ1907 ወርቅን በሰም ቅርጽ አማካይነት አቅልጦ የማፍሰስ ዘዴውን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። በ1962 ደግሞ ፖርሴሊንን ከብረት ጋር የማዋሐድ ዘዴ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። መልክና ብርታት ተሟሉ፤ ዋጋው ግን ጤነኛ ጎረቤት ጥርሶችን መሞረድ ሆነ። አንቲ የተባለው ሐኪም በ1926 እንዳስገነዘበው፣ የተሸካሚዎቹ ጥርሶች የሥር ስፋት ከጎደሉት ጥርሶች የሥር ስፋት ሊያንስ አይገባም።

ይህ ደንብ በአገራችን ከባድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ግግ ማውጣት ነው። ደቡቡን ጨምሮ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ሕፃን በተቅማጥና በትኩሳት ሲታመም፣ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ድዱን ወጥሮ መታየቱ የሕመሙ መንስኤ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ስለትም ተፈልፍሎ ይወጣል። ሕፃኑ ከኢንፌክሽን ቢተርፍ እንኳ፣ ከሥር ያለው የቋሚው ክራንቻ ጽንስ ሊጎዳ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ክራንቻ ደግሞ ከፊት ጥርሶች ሁሉ ሥረ ረጅሙ፣ የመንጋጋው የማዕዘን ምሰሶ ነው። እርሱ ሲጎድል ሸክሙ በአንድ በኩል በቀጭኑ የጎን ፊት ጥርስ ላይ ያርፋል። ዲላ ላይ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የብሪጅን ነገር ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ቢያስብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ርቀቱም አለ። ከቡሌ ወይም ከገደብ ደጋ ወደ ዲላ ለሚወርድ ገበሬ ጥርስ ለማስነቀል አንድ ጉዞ ሊበቃው ይችላል። ብሪጅ ግን ለመሞረድና ልክ ለመውሰድ፣ ከዚያም ከላቦራቶሪ የመጣውን ለመግጠም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል፤ በቡና ለቀማ ወራት ይህ ቀላል አይደለም።

የጥርስ ነርቭ ክፍሉ ገና ሰፊ ለሆነ ወጣት መሞረድ ራሱ አደጋ አለው። ፈረንሳዊው ሮሼት እ.ኤ.አ. በ1973 የተበሳሳ ቀጭን ብረትን ከጥርሶች ጀርባ በሙጫ የማጣበቅ ዘዴ ሲያቀርብ የታሰበው የላሉ ጥርሶችን ለማሰር ነበር፤ በኋላ ግን ብዙ ሳይሞርዱ ለመተካትም ዋለ። ከጌዴኦ ደጋ ግርጌ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ኢናሜል ግን ሙጫውን የሚያስይዘውን አሲድ ይቋቋማል፤ ስለዚህ አሲዱ ከተለመደው በላይ እንዲቆይ ወይም ገጹ በጥቂቱ እንዲፋቅ ያስፈልጋል።