ቁልፉ የጠፋ ብስክሌትና የወጋቺያ ልጆች

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የብስክሌት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ከሩቅ ይታወቃል። የኋላው ጎማ ተቆልፎ አልዞር ስለሚል ኮርቻውን ጨብጦ፣ ኋላውን ከመሬት አንሥቶ፣ በፊተኛው ጎማ ብቻ እየገፋ ይወርዳል። ከተማችን ከዳሞታ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ያረፈች ስለሆነች ቁልቁለቱ ያግዘዋል። የሚከብደው የሰው ዓይን ነው፤ የተቆለፈ ብስክሌት እያነሣ የሚሄድ ሰው ባለቤትም ሊሆን ይችላል፣ ሌባም። መድረሻው ግን መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ጎሚስታዎችና ቁልፍ ቀራጮች አንዱ ዘንድ ነው።

ከነዚያ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እሱ የአባታችንን እጅ ወረሰ። አባታችን ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በወላይታ ወጋቺያ የሚባለው ወገን ልጆች ነን። የወንድሜን ሥራ አጠገቡ ተቀምጬ ባየሁ ቁጥር የቁልፍ መፍታት ታሪክ በኛ አገር ከቀጥቃጭ ምድጃ መጀመር እንዳለበት ይሰማኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የድሮው የወላይታ ቤት ቁልፍ አያውቅም። ክብ የሣር ቤት ነው፤ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ሲመሽ በሩ ከውስጥ በእንጨት ይቀረቀራል። ቀን ቀን ቤቱ ባዶ አይቀርም፤ አንዲት አሮጊት ወይም አንድ ልጅ አይጠፋም። ሀብቱ ከብትና እንሰት ነበር። እንሰቱ ጓሮ ቆሟል፣ የተፋቀውም ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቦካል። ለዚህ ሁሉ ጓጉንቸር አያስፈልግም።

ብረት ግን ከጥንትም ነበር። በካዎዎቹ፣ ማለት በወላይታ ነገሥታት፣ ዘመን ማርቹዋ የሚባል የብረት ገንዘብ ገበያ ላይ ይዘዋወር ነበር። ጦሩ፣ መቆፈሪያው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው ከወጋቺያ እጅ ይወጣል። ያለ ወጋቺያ የሚታረስ ማሳ፣ የሚዘመት ዘመቻ አልነበረም። ሆኖም ወጋቺያ፣ ሸክላ ሠሪው ጪናሻና ቆዳ ፋቂው ደገላ ከሌላው ሕዝብ ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ገበታም አይቀርቡም ነበር። ይህ የወላይታ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑም ባለ እጅ ቡዳ ተብሎ ይፈራና ይጠላ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። የእጅ ሙያን እንዲህ ያዋረደ አገር መልሶ ለምን ደኸየሁ ብሎ ሲጠይቅ ስሰማ ይቆጨኛል።

በጊፋታ ሰሞን ይህ መገለል ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ ይውላል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ከርመው በጋራ በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው ያጠራቅማሉ። ሥጋው በጥሬው ይበላል፣ ስለዚህ የሚቆርጥ ቢላዋ ያስፈልጋል። አባታችን ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረውም። ወናፉ የፍየል ቆዳ ነው፤ ሁለቱን ቆዳ እኔና ወንድሜ እየተፈራረቅን እንነፋለን። መስፉ ላይ የሚወጣው ብረት አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ባሌስትራ ነው። እስኪቀላ ይሞቃል፣ በጉጠት ይያዛል፣ ይቀጠቀጣል፣ እንደገና ይሞቃል። መጨረሻ ላይ ስለቱ ብቻ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ጀርባው ከተነከረ ቢላዋው ይሰበራል። ከተነከረ በኋላ አባታችን የስለቱን ቀለም እያየ ጊዜውን ያውቀዋል፤ የገለባ ቀለም ሲመስል ይበቃዋል ይለን ነበር። የዚያ ሁሉ ሰፈር በሬ በአባታችን ቢላዋ ይቆረጣል። ድርሻው ግን በቅጠል ተጠቅልሎ ለብቻው ይላክለታል፤ ከገበታው ዙሪያ ቦታ አልነበረውም።

በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲይዝ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሶዶ የገዥዎች መቀመጫ ሆነች። ከአገዛዙ ጋር ቁልፍ የሚፈልጉ ቤቶች መጡ። ግምጃ ቤት፣ የግብር እህል የሚገባበት ጎተራ፣ እስር ቤት፣ ቀጥሎም የነጋዴ ሱቅ። ባለቤቱ አጠገቡ የማያድርበት ንብረት ሲበዛ ጓጉንቸርም በዛ። ጓጉንቸር ሲበዛ ደግሞ ቁልፉ መጥፋቱ አይቀርም።

አባታችን ያወራልን እንደነበረው አያታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ሰው የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ መጋዘን ቁልፍ ጠፍቶ ዘበኞች ቤቱ ድረስ መጡ። አያታችን ጓጉንቸሩን አልሰበረም። ቀጭን ብረት ቀጥቅጦ አሳሳ፣ በኩራዝ ጭስ ላይ ይዞ ጥላሸት ቀባው፣ ከቁልፉ ቀዳዳ አስገብቶ በቀስታ ጠመዘዘው። ሲያወጣው ውስጡ ያለው ብረት የነካበት ቦታ ጥላሸቱ ተፍቆ ታየ። ያንን ቦታ በሞረድ ፈገፈገ፣ ደግሞ አጨሰ፣ ደግሞ አስገባ። ውሎ ውሎ ተከፈተ። አሮጌዎቹ ጓጉንቸሮች ውስጣቸው ጥቂት መከልከያ ብቻ ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ይከፍታቸዋል። መጋዘኑ ሲከፈት ግን አያታችን ደጃፉን አላለፈም፤ ከውጭ ቁጭ ብሎ ሠራ፣ ከውጭ ተከፍሎት ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1928 የወንጌል መልእክተኞች ሶዶ ገብተው ጸሎት ቤቶች ሲከፈቱ የኛ ሰዎች ከሌላው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ጀመሩ። ጋብቻው አልተከተለም። መሬት ያገኘነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው፤ ያን ጊዜ ወጋቺያም እንደ ማንኛውም ገበሬ ተቆጥሮ ማሳ ተመራ። ደርግ ብዙ ደም አፍስሷል፤ ይህንን ግን አባታችን እስኪሞት አልረሳለትም። የራሱን በቆሎ ሲያጭድ አይቼዋለሁ።

ብስክሌቱ በዚህ መካከል ገባ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ እኛ ልጆች ሆነን ግን ብስክሌት ያየነው የመምህርና የመሥሪያ ቤት ተላላኪ መጓጓዣ ሆኖ ነው። ኋላ ፊኒክስ የሚባለው የቻይና ብስክሌት መጣ። ከዚያ ደግሞ በሰዓት የሚያከራዩ ሰዎች ሜዳ ላይ ደረደሩት፤ የሶዶ ልጅ ብስክሌት የለመደው በኪራይ ነው። አከራዩ ማታ ማታ ብስክሌቶቹን በአንድ ረጅም ሰንሰለት ያስርና ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል። ያ ጓጉንቸር ቁልፉ ሲጠፋ የሚጠራው አባታችን ነበር። ወንድሜ ሙያውን የለመደው የአከራዩን ሰንሰለት በመፍታት ነው።

እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ ጠባይ አለው። ከኋላው ጎማ ጋር የሚታሰረው የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቁልፍ ቅስቱ በጎማው ሽቦዎች መካከል ያልፋል፤ ጎማውን ሳይጎዱ መቁረጥ ነው ፈተናው። ወንድሜ ከቅስቱ በታች እርጥብ ጨርቅ ያነጥፋል፣ ከዚያ በሴጌቶ ሳይቸኩል ይቆርጣል። አንዳንድ ቅስት ላዩ የጠነከረ ስለሆነ የሴጌቶውን ጥርስ ያንሸራትተዋል፤ ያን ጊዜ ቅስቱን ትቶ ቁልፉ ብስክሌቱ ላይ የታሰረበትን ብሎን ይፈልጋል። በፕላስቲክ የተለበጠው የሽቦ ገመድ ደግሞ ሌላ ነው። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደበት ስለሆነ መጋዙ ሲነካው ይበተናል፣ ጥርሱም ይሰነቀራል። መላው ገመዱን በፕላስተር አጥብቆ መጠቅለል፣ በሞርሳ ማሰር፣ ከዚያ በመሮና በመዶሻ ሽቦ በሽቦ መበጠስ ነው። ግራይንደር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ነገር ግን ብልጭታው ጎማና ካላማዳሪ ያቃጥላል፤ ወንድሜ ብስክሌት ላይ ማንሣት አይወድም። መቁረጥ ሳያስፈልግ ቁልፉ ሲከፈት ፊቱ ይበራል። ጠፍጣፋው የዛሬ ቁልፍ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው፤ ሐሳቡ ግን የጥንት ግብፆች በእንጨት ይሠሩበት የነበረው ነው። ቁልፉ ሲገባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች በልካቸው ከፍ ይላሉ፣ ሁሉም እኩል ሲሰለፉ ይዞራል። ርካሹ የብስክሌት ቁልፍ ልኩ ስለማይጠብቅ ዘንጎቹ በቀላሉ ይሰለፋሉ። ርካሹ ብቻ አይምሰላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ክሪፕቶናይት የሚባለው እውቅ የብስክሌት ቁልፍ ክቡ ቀዳዳው በቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈት ታይቶ ኩባንያው ቁልፎቹን ለመቀየር ተገዷል።

መክፈት የሚችል ሰው ለማን እንደሚከፍት ማወቅ አለበት። አባታችን ይህን አጥብቆ ይይዝ ነበር፤ ምክንያቱም ሶዶ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረት የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ምስክር ሳይኖር መሮ አያነሣም። ባለቤት ነኝ ባይ ጎረቤቱን ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ምስክሩ ፊት ይቆረጣል። ወንድሜም ይኸው ነው ልማዱ። ብስክሌት የያዘ ወጣት ሲመጣ «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መታወቂያ ቢያሳዩትም በቂ አይሆንለትም፤ መታወቂያው የሰውየውን እንጂ የብስክሌቱን ስም አይናገርም። ወጣቱን ለሚያውቅ ሰው ስልክ ይደውላል፣ ወይም ሱቁ አጠገብ ያሉትን ሻይ ሻጭ፣ ሊስትሮ፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ይጠራል። ምስክር ያጣ ብስክሌት ከነቁልፉ እዚያው ያድራል። ተቆጥቶ የሚሄድ አለ። ወንድሜ ገበያ ቢያጣም ይህን ሕግ አላፈረሰም፤ እኔም ከሙያው ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው።

አሁን በሶዶ ብስክሌቱ አንሷል። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ዳገቱን አሸንፈውታል። ወንድሜ ከቀኑ አብዛኛውን የሚያሳልፈው የሞተር ቁልፍ እየቀረጸ ነው። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ በብየዳ በርና መስኮት ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብየዳ ቤት የሚሠራውን ወጣት ማንም ወጋቺያ አይለውም፤ የሁሉም ወገን ልጅ ገብቶበታል፣ ገንዘብም ክብርም አለው። ገጠር ውስጥ በወናፍ ማጭድ የሚሠራው ዘመዳችን ግን የዛሬ መቶ ዓመት የተባለውን ዛሬም ይባላል። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ እሳቱም ያው እሳት ነው።

ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ ለጋብቻ አንዲት ልጅ መርጧል። ወገኗ ከኛ አይደለም። ሽማግሌ ለመላክ ስንመካከር አንድ ዘመድ «የብየዳ ባለሙያ ነው በሉ፣ ሌላውን ተዉት» አለ። ወንድሜ አልተስማማም። የአያቱ ሥራ ምን እንደነበረ፣ የአባቱ ሥራ ምን እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ ተናግረው ልጅቱን እንዲጠይቁ ሽማግሌዎቹን አስማላቸው። ከጊፋታ በኋላ ይሄዳሉ፤ እኔም አብሬያቸው ነኝ።