ዕንባና ሙሾ፦ ከመዲና እስከ ጉኑኖ የኀዘን ሥርዓት ታሪካዊ ቅኝት

በወላይታ ዞን በምትገኘው በጉኑኖ፣ እንደ አብዛኛው የወላይታ ምድር ሁሉ፣ ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ ነው። ቀብሩም ለቅሶውም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ነው። ስለዚህ «ሸሪዓ ከለቅሶ የከለከለው የቱን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የጉርብትና ጥያቄም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልሱን ከታሪክ እንፈልጋለን።

ድምፅን ከፍ አድርጎ ሟችን እያወደሱ ማልቀስ የአንድ ሕዝብ ልማድ ብቻ አይደለም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ፊታቸውን እየመቱ፣ ልብሳቸውን እየቀደዱ ያለቅሱ ነበር፤ ባለቅኔዋ አል-ኸንሳእ በወንድሟ በሰኽር ሞት በገጠመችው ሙሾ ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል። በ4ኛው ምእተ ዓመት ዮሐንስ አፈወርቅ በገንዘብ የሚቀጠሩ አልቃሾችን በስብከቱ ገሥጿል። በአገራችንም አልቃሽና ሙሾ፣ ደረት መድቃትና ፊት መንጨት የታወቁ ናቸው። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ንጉሡ ጦና ተማርኮ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ምድር ነው። ታሪኩን በቃል ይዞ ለኖረ ሕዝብ የሙሾ ውዳሴ መዝገብም ጭምር መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ልማድ ያረሙት ኀዘንን በመካድ አልነበረም። ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ሲሞት አለቀሱ፤ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ተደንቆ ቢጠይቃቸው ዕንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት። በዚያው ቀን ፀሐይ ብትጋረድና ሰዎች ከልጁ ሞት ጋር ቢያያይዙት፣ ፀሐይ ለማንም ሞት እንደማትጋረድ አስተማሩ። አባት ሆነው አለቀሱ፤ ነገር ግን ኀዘናቸው የሐሰት ክብር እንዲለብስ አልፈቀዱም።

ሟች በቤተሰቡ ለቅሶ ይቀጣል የሚለው የዑመርና የልጃቸው የዐብደላህ ዘገባ በሰሓቦች ዘንድ ክርክር አስነሥቷል። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም የሚገልጸውን የቁርኣን መርሕ ጠቅሰው ተቃውመዋል። ኢማም አን-ነወዊ እንደሚያስረዱት አብዛኞቹ ዑለማእ ዘገባውን የተረጎሙት ሙሾ እንዲወርድለት በኑዛዜ ባዘዘ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የተነቀፈው ዕንባው ሳይሆን ኀዘንን ትዕይንት ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው እርማት ስለ ምግብ ነው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች በነጃሺ ፊት ወክሎ የተናገረው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ሲሰዋ፣ ነቢዩ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዙ። ሸክሙ ከኀዘንተኛው ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ ማለት ነው። ዕድርተኞች ድንኳን ተክለው፣ ምግብና ውኃ ይዘው ለቅሶ ቤት ሲገቡ የሚፈጽሙት ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንጻሩ ኀዘንተኛው ለእንግዳ ብሎ በሬ የሚያርድበትና ዕዳ የሚገባበት ልማድ የጃዕፈርን ቤት ሥርዓት ይገለብጣል።

የጉኑኖ ሙስሊም እንግዲህ በጎረቤቱ ለቅሶ ላይ ሊገኝ፣ ሊያዝን፣ ዕንባውንም ሊያፈስ ይችላል። ደረት ከመድቃት ይታቀባል፤ ምግብ ይዞ ከመሄድ ግን አይታቀብም። ነቢዩ ነጃሺ በሞተ ጊዜ በሩቅ ሆነው ሰግደውለታል። ባሕር ማዶ ላለ ወዳጅ ያልታጠፈ ኀዘን፣ በአጥር ማዶ ላለ ጎረቤት ሊታጠፍ አይገባውም።