ከወሎ ማሳ ወደ ፐርዱ፣ ከፐርዱ ወደ ሲሪንቃ

ከወልድያ ተነሥቶ በስተደቡብ ወደ መርሳ በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በጥንቱ የየጁ ምድር፣ ሲሪንቃ የምትባል ስፍራ አለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ሕዝቧም ከአባቶቹ ጀምሮ ማሽላና ጤፍ እያረሰ የሚተዳደርባት ናት። በዚህች ስፍራ ስላለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከባሕር ማዶም ስላሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዝና፣ ሁለቱም በማሽላ ዘር ምክንያት እንዴት እንደ ተገናኙ ለሚመጣው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ ይህን ዜና ጻፍን፤ የሊቃውንት ስም በየዓመቱ በሚወጣ የደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ እየተለካ፣ ለዚያ ስም ምክንያት የሆነው የወሎ ገበሬ ተረስቶ እንዲቀር አንወድምና።

የወሎ ሰው የጉባኤ ቤትን ዝና መመዘን ከባዕድ የተማረው ነገር አይደለም። የዋድላ ቅኔ በየአገሩ የተከበረው፣ በየጁም ያለው የዳና ጉባኤ ደረሶችን ከሩቅ የጠራው፣ ማንም ቍጥር ሰጥቶ ስለ ደረደራቸው ሳይሆን፣ የቅኔው ተማሪ በደረሰበት ደብር ቆሞ ሲቀኝ፣ ደረሳውም ወደ ቀዬው ተመልሶ ኪታብ ሲያስቀራ፣ የሰማው ሁሉ «ይህ ሰው ከማን ዘንድ ተማረ?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነበር። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስም ወደ አገራችን የገባውም በዚሁ መንገድ፣ ተምሮ በመጣ ሰውና ይዞት በመጣው ሥራ ነው።

ከእነዚያም ቀዳሚ ሰዎች አንዱ በወሎ ተወልዶ በሐረር ያደገው ዶክተር መላኩ በያን ነበረ። እርሱም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኦሃዮ ግዛት በማስኪንገም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ፣ የሕክምናን ጥበብ በዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሐዋርድ ፈጸመ፤ ይህንንም የመረጠው በባርነት ከተበተኑት ወንድሞቹ ጋር አብሮ መኖርን ሽቶ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ወደ አገሩ ተመልሶ ቁስለኞችን አከመ፤ በኋላም በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሥርቶ ገና በአርባ ዓመቱ በ1932 ዓ.ም. በዚያው በስደት ዐረፈ። እንግዲህ በኢትዮጵያውያን ጆሮ ሐዋርድ የሚለው ስም ከአገር ፍቅር ጋር የተቆራኘው ያን ጊዜ ነው፤ ይህም ክብር ሊዘነጋ አይገባውም።

ከነፃነት በኋላ በ1942 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀረቡና ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። ጥቂት ቆይተው ፖይንት ፎር ይባል የነበረውን የፕሬዚዳንት ትሩማንን የርዳታ ድርጅት እየመሩ ሲዘዋወሩ፣ በታኅሣሥ ወር 1944 ዓ.ም. በቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ከነባለቤታቸው አረፉ። አሳባቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ውሉ ተፈረመ፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በሐረርጌም የዓለማያ ኮሌጅ ቆመ፤ የኦክላሆማ መምህራንም እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ሲያስተምሩ ኖሩ። እንዲህ ያሉት ኮሌጆች በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የበቀሉ ናቸው፤ ሕጉም የመንግሥት መሬት ለየግዛቱ ተሰጥቶ፣ በሽያጩ ገንዘብ ለገበሬና ለባለ እጅ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ያዘዘ ነበር፤ በኢንዲያና ግዛት ያለው ፐርዱም ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ዓለም አሜሪካን በሃርቫርድና በዬል ሲያውቃት፣ የኢትዮጵያ የእርሻ ተማሪ ግን በኦክላሆማ ያውቃት ነበር፤ ይህም ስሕተት አልነበረም፣ ከማሳው ድረስ መጥተው ያስተማሩት እነርሱ ነበሩና።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ተወልዶ፣ እናቱ ካልተማርክ ብላ ግድ ስላለችው በየሳምንቱ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየተጓዘ የተማረ ገቢሳ እጀታ የሚባል ብላቴና ነበረ፤ በጅማው ትምህርት ቤት አልፎ ከዓለማያ ተመረቀ። በ1973 እ.ኤ.አ. የፐርዱው የማሽላ ሊቅ ጆን አክስቴል ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ፣ መምህሩ አገናኝቷቸው የማሽላ ዘር ከየአገሩ በመሰብሰብ ረዳቸው፤ እርሳቸውም ትጋቱን አይተው ወደ ፐርዱ ጠሩት።

አክስቴልና የሥራ ባልደረባቸው ራሜሽዋር ሲንግ በዚያው ዓመት ያወጡት ግኝት በዓለም የሊቃውንት ጉባኤ ሁሉ ተሰማ። ማሽላ ሆድን ቢሞላም፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ስለዚህ ማሽላ ብቻ የሚበላ ሕፃን ጠግቦ ሳለ ይቀጭጫል። እነዚህ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡትን በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች ሲመረምሩ፣ ላይሲናቸው የተራውን ማሽላ እጥፍ የሚያህል ሁለት ብቻ አገኙ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ዘሮች ሆኑ፣ የተገኙትም በወሎ ነበር። እኒህም የወሎ ገበሬ ወተት በጉንጬና ማርጩቄ እያለ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ በጥቂቱ የሚዘራቸው፣ ምርታቸው ቢያንስ እንኳ እሸታቸውን ጠብሶ ለመብላት ሲል ሳይጥላቸው የኖረባቸው ናቸው። የፐርዱ ስም በማሽላ ምርምር ከፍ ሲል፣ ከፍ ያደረገውን ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ መርጦ ያቆየው እንግዲህ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ የወሎ ባላገር ነበር። ይህን ስጽፍ ልቤ ይነካል፤ ግኝቱ በፈረንጅ መጽሔት በታተመበት በዚያው ወራት፣ የዘሩ ባለቤት ወሎ በረኀብ ያልቅ ነበረና፤ በዚሁ በሲሪንቃ ደጃፍ በሚያልፈው ጎዳና ዳር የራበው ሕዝብ ወጥቶ ተኝቶ እንደ ነበር ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ። የአሜሪካ ትምህርት የተመሰገነበት አፍ የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ነው ብሎ ወቀሰው፤ የተማሪው ጉዞ ወደ ሞስኮና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተለወጠ፤ ስለዚህም ዝና ምን ያህል ከመንግሥት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያ ዘመን አሳየ። ገቢሳ እጀታም በ1978 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሱዳን ሄደ፤ በዚያም ድርቅ የሚችል ሀጂን ዱራ የተባለ ዲቃላ ማሽላ አውጥቶ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሱዳን ገበሬ አደረሰ፤ ከዚያም መምህር ሆኖ ወደ ፐርዱ ተመለሰ።

በቆላማውና በወይና ደጋው የወሎ ማሳ ግን ከድርቅ የማይተናነስ ጠላት አለ፤ እርሱም አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይጠጣል፤ ገበሬው አረሙን ከመሬት በላይ ሲያየው ጉዳቱ ቀድሞ ከመሬት በታች ተፈጽሟል። አንዱ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይጥላል። ገቢሳ እጀታና የባዮኬሚስትሪው ሊቅ ላሪ በትለር በፐርዱ የመረመሩት ይህንኑ ምሥጢር ነው፤ የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው የማሽላ ሥር ወደ አፈር በሚያፈሰው ኬሚካል መሆኑን ተከትለው፣ ያን መቀስቀሻ እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎችን ለይተው ምርታማ ከሆኑት ጋር አዳቀሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ዘሮች 8 ቶን ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ።

በሲሪንቃና በቆቦ የሚሠሩ የአገራችን ተመራማሪዎች ዘሮቹን አቀንጭራ በወረራቸው ማሳዎች እየዘሩ ፈተኗቸው፤ በ1990ዎቹም ዓ.ም. ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ለገበሬው ተለቀቁ። ጎብዬ ከወልድያ በስተሰሜን ባለችው ከተማ ስም የምትጠራ ናት። ዘሩ ብቻውን አልተሰጠም፤ ማዳበሪያና ውኃ የሚያቁር የታሰረ ቦይ አብረውት እንዲሠሩ ተመከረ። ይሁን እንጂ የሀብሩ ገበሬ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ስለ ሰማ ብቻ የአባቱን ዘር የሚጥል አልነበረም። አዲሶቹ አጫጭሮችና ፈጥነው የሚደርሱ ስለሆኑ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ያተርፉታል፤ ነገር ግን አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለጎጆውም ማገር ነውና ረጃጅሞቹን ጅጉርቲንና ደገሊትን አልተወም። እኔም በዚህ ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ። የሲሪንቃ ሊቃውንትም ይህን ፍርድ ሰምተው የራሳቸውን ማዳቀል ቀጠሉ፤ በሀብሩ ባለችው ጊራና ስም የተሰየመውን ጊራና 1ን፣ ምስክርንም ያወጡት እነርሱ ናቸው።

በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የዓለም የምግብ ሽልማትን በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ተቀበሉ፤ የፐርዱም ስም በሬዲዮ ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ተሰማ። ዛሬ በወልድያና በመርሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ስለ አሜሪካ ሲያወሩ ሃርቫርድን አስቀድመው ይጠራሉ፤ ልጆቹን አንወቅሳቸውም፣ የሰሙት ያንን ነውና፤ መምህሮቻቸው ግን ከቤታቸው ጓሮ የወጣ ማሽላ የአንድን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳነሣ ሳይነግሯቸው እንዲያልፉ ፈጽሞ አንፈቅድም።

በ2013ና በ2014 ዓ.ም. መካከል በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ የሲሪንቃ ማዕከል ተዘርፎ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ለዓመታት የተደከመበትም ንብረት ጠፋ። ማዕከሉ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ ሥራውን እንደ ገና ይዟል፤ ሥራውም አላለቀም፣ የአቀንጭራ ዘር ማሽላ እስኪዘራበት እየጠበቀ እስከ 20 ዓመት በአፈር ውስጥ ሳይሞት ይቆያልና።